የዛጎሏ ነገር

አዳማ፣ ጥር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፤ ያው አርፋ መቀመጥ አትወድም እንጂ።

ባለፈው ስትደውዪ ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያቺን ዛጎል ከሣጥን አውጥተሽ ለማሙሽ ሰጥተሽዋል። «አያትህ ከባሕር ለቅሞ ያመጣልኝ ናት» ብለሽዋል። እሱም ጆሮው ላይ ለጥፏት ይውላል። ስልኩ ላይ ሳቅኩልሽ። ከዘጋሁት በኋላ ግን ምሳዬ አልወርድ አለኝ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ጉዞውን ላውራሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ታቋርጪኛለሽ።

ጅቡቲ ሄጄ መጣሁ። ብቻዬን አይደለም፣ ከቦቴና ከኤንትሬ ጋር ነው። ሁለቱም በየመኪናቸው ስም እንደተጠሩ አርጅተዋል። ቦቴ ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረው ነው፤ አሁን ሆዱም ቦቴ ሆኗል። ኤንትሬ ያቺን አሮጌ ፊያት እስከ መጨረሻው ካልነዳሁ ብሎ ያስቸገረው ነው። እዚያ የተቀበለን የድሮ ረዳቴ ነው። ትራንዚት ቤት ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እዚያው ቀርቷል። ራሱ ሸብቶ አሁንም «ጋሼ» ነው የሚለኝ።

በባቡር ነው የሄድነው። ሦስት ሹፌር ተሳፋሪ ሲሆን ብታዪ! ኤንትሬ በየኩርባው ወለሉን በቀኝ እግሩ ይረግጣል። ፍሬን መሆኑ ነው። 2009 ላይ ባቡሩ ሲመረቅ እንጀራችንን ሊነጥቀን መጣ ብለን ስንራገመው ነበር። አሁን መስኮቱ ጋ ለመቀመጥ ተጣላን።

እንደምታውቂው ግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ነው ወደ ጅቡቲ የዞርነው። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ ነበር። ተመልሶ ደግሞ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ። ባሕሩን ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ከካቢን ሆኜ፣ በክሬንና በኮንቴይነር መሃል። ወረፋ ስንጠብቅ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተን እንተኛለን። እግሬን ግን አንድ ቀን እንኳ ውሃው ውስጥ ነክሬ አላውቅም። ጭነት አቁሞ ማን ይዋኛል?

ረዳቴ የወሰደን ኾር አምባዶ የሚባል ቦታ ነው። ከከተማው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የዶራሌን ወደብ አለፍ ብሎ። ዶራሌ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አላውቀውም። ጥቁር ድንጋያማ ኮረብታ ነው፤ ከሥሩ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ቆሜ ጎማ ስቀይር ነበር ማለት ነው።

ቀኑን የመረጠው እሱ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና ፈጽማ በምትጠፋበት ሰሞን ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ርቆ ይሸሻል። ዛጎል የሚታየው ያኔ ነው። ሰዓቱን ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቀልን። ስንደርስ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ትቶ ሄዶ ነበር። ልክ ዝናብ ያባራበት የአስፋልት ዳር ይመስላል፤ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ውሃ ቀርቷል። ጥር ስለሆነ ሙቀቱም አልከፋም። በክረምት ቢሆን እንጠበስ ነበር።

ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ገባን። ሦስት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬት ሲያይ፣ ያለፈ ሁሉ ገንዘብ የጠፋን ሳይመስለው አይቀርም።

መጀመሪያ ያገኘ ቦቴ ነው። ሾጠጥ ያለች፣ መረብ የመሰለ ቡናማ ጥለት ያላት፣ እጅግ ያማረች ነገር። እጁን ሲዘረጋ ረዳቴ ጮኾ ክንዱን ያዘው። ውስጧ ነፍስ ያለው ቀንድ አውጣ አለ፣ መርዛማ ነው። እንደ ጦር ያለ ጥርስ አውጥቶ ይወጋል። ከዘመዶቹ መሃል ሰው የሚገድል አለ፣ ማርከሻም የለውም። ቦቴ ያን ያህል ዓመት ነዳጅ ተሸክሞ ሲነዳ አልፈራም፤ ከዚያች በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ኤንትሬ ደግሞ ባዶ ነች ብሎ መዳፉ ላይ ያስቀመጣት እግር አውጥታ ሄደች። ለካ ውስጧ ሸርጣን ገብቶባት ነው። ይሄኛው የሸርጣን ዓይነት ለጀርባው መሸፈኛ የለውም። የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ፈልጎ ይገባል፤ ሲያድግ ይጠበውና ሰፋ ያለ ፍለጋ ይወጣል። «እንደ አዳማ ተከራይ ነዋ!» አለ ኤንትሬ። ቀስ ብሎ ካነሳበት መለሰው፤ ቤት ፈላጊ ስንት እንደሚያይ ያውቃል፣ አራት ልጅ ይዞ ስድስት ቤት ቀይሯል።

እኔ ድንጋይ ሥር አንድ ነገር አየሁ። ጠቆር ያለ ሥጋ፣ እንደ ጨርቅ የተሸፈነ። በጣቴ ስነካው ሥጋው ከሁለት ወገን ቀስ እያለ ተሰበሰበና ከመሃሉ የሚያብረቀርቅ ዛጎል ወጣ። አያትሽ አንቀልባ ላይ የተሰፉት ዓይነት ነው! ታስታውሺዋለሽ፣ አንቺም ታዝለሽበታል። እነዚያ ዛጎሎች ለምን እንደዚያ እንደሚያብረቀርቁ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ ሰው የወለወላቸው ይመስለኝ ነበር። የወለወለው ራሱ ባለቤቱ ነው። በሕይወት ሳለ ቅርፊቱን በሥጋው ሸፍኖት ስለሚኖር ከአሸዋና ከድንጋይ ይጠብቀዋል። ኖራ የመሰለውን ነገር ከገዛ አካሉ እያመነጨ የሚሠራውም እሱው ነው። እኔ እንግዲህ ከባሕር በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ በዛጎል ያጌጠ አንቀልባ ታዝዬ አድጌ፣ ባለቤቱን ያየሁት አሁን ጥርሴ ካለቀ በኋላ ነው።

ሲመሽ ባሕሩ መመለስ ጀመረ። የሚመጣው በዝምታ ነው፣ ጫማችንን ካስቀመጥንበት አንስቶ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ማታ በምድጃ የተጠበሰ የየመን ዓሣ በቂጣ በላን። ቦቴ ሁለት ሰው ያህል በላ።

አሁን ወደ ነገሬ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርሽ። «አባዬ፣ ከባሕር ዛጎል ለቅመህ አምጣልኝ» አልሽኝ። ሦስት ጊዜ ረስቼ መጣሁ። ብስኩት አመጣሁ፣ ሽቶ አመጣሁ፣ ቴምር አመጣሁ። በሦስተኛው አላለቀስሽም፣ ዝም አልሽ። እሱ ባሰብኝ። በአራተኛው ጉዞዬ ከጅቡቲ ገበያ ገዛሁልሽ። 700 ፍራንክ ያለኝን በ500 ተከራክሬ። ያቺ አፏ ሮዝ የሆነችው፣ ጠርዟ ላይ ጣት የመሰለ ያላት፣ የተወለወለችው ዛጎል የገበያ ናት።

እሱስ ባልከፋ። «እንዴት አገኘሃት?» ስትዪኝ ግን አፌ እንዳመጣልኝ አወራሁ። ማዕበሉ እግሬ ሥር ጣላት አልኩሽ። ሱሪዬን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ አልኩሽ። አንቺ ክፍል ወስደሽ ለተማሪው ሁሉ ነገርሽ። አስተማሪሽ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ ስለ ማዕበሉ ጠየቀችኝ። ለእሷም ደገምኩላት፤ እንዲያውም ማዕበሉን ትንሽ ከፍ አደረግኩት።

ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ ለማሙሽ ደረሰ።

የጆሮውንም ነገር ልንገርሽ። የሚሰማው የባሕር ድምፅ አይደለም። በዙሪያችን ያለው ድምፅ ዛጎሏ ውስጥ ገብቶ ሲያስተጋባ ነው። የቡና ስኒ ጆሮሽ ላይ ግጠሚ፣ ያው ነው። ኾር አምባዶ ላይ ባዶ ዛጎል አግኝቼ ሞክሬው ነበር። የቱ ከዛጎሏ፣ የቱ ከባሕሩ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ታዲያ ይህቺኛዋን ለምን አላመጣህልኝም ትዪኝ ይሆናል። ልይዝልሽ ነበር። አንዲት ነጭ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋች፣ ከአውራ ጣቴ ትንሽ የምትበልጥ ግማሽ ዛጎል አግኝቼ ነበር። አናቷ ላይ ቀዳዳ አለባት። ድሪል የበሳው ይመስላል፤ ፍጹም ክብ፣ ከላይ ሰፋ ከውስጥ ጠበብ ያለ። ለአንገት ሐብል የተበሳች መስሎኝ ነበር። ረዳቴ ሳቀ። ሌላ ቀንድ አውጣ ነው አለኝ፣ በሸካራ ምላሱ እየፋቀ፣ አሲድ እየጨመረ በስቶ ውስጧ ያለውን የሚበላት። ኤንትሬ አገላብጦ አያትና «ይሄ ጎሚስታም አይደፍነውም» አለ።

ኪሴ ልከታት ስል ረዳቴ ከለከለኝ። ዛጎልና ኮራል ከዚህ አገር ይዞ መውጣት ያስጠይቃል አለ። «ጋሼ፣ በእርጅናህ በዛጎል እንዳትታሰር።» ገበያ ሲሸጥ ገዝቼ አልነበር እንዴ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ስለዚህ የልጁን ደብተር ጠየቅኩት፤ መኪና ውስጥ ነበር። አንድ ገጽ ቀደድኩ። ዛጎሏን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ዙሪያዋን በእስክሪብቶ ዞርኩ። ከዚያ ካነሳሁበት መለስኳት።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። መሃሏ ላይ ያለው ክብ የፈሰሰ ቀለም አይደለም፣ ቀዳዳው ነው። መስመሩ የተንቀጠቀጠው አሸዋ ገብቶበት እንጂ እጄ ደህና ነው። ለማሙሽ የሚነገረውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አባትሽ