ዋሻ ማጠን ማርበርግን አያጠፋም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው የሚተላለፈው ገዳዩ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ የሌሊት ወፍ ጠላት በዝቶባታል። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በቅርቡ ከምሠራበት ከተማ ዳርቻ ወጣቶች ዋሻ አፍ ላይ የመኪና ጎማና በርበሬ ሲያጤሱ አየሁ። እናት የሌሊት ወፎች ልጆቻቸውን ከደረታቸው እንደለጠፉ በጠራራ ፀሐይ ወጥተው ተበተኑ። ወጣቶቹ ሰፈራቸውን ያዳኑ መስሏቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን አደጋውን ያባብሱታል፤ ለዚህም ምስክሩ ኡጋንዳ ነው።

እዚያ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 አራት ሠራተኞች በማርበርግ ተያዙ፤ አንዱ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት መውጫዎቹን በዓሣ መረብና በደንገል ዘግተው የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው፤ በሺዎች የሚቆጠር በድን ጫካ ውስጥ ተከመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን እዚያው አቅራቢያ ኢባንዳ ከተማ ላይ፣ ኡጋንዳ እስከዚያ ድረስ አይታው የማታውቀው ትልቅ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ጉድጓዱን ዳግመኛ ሲፈትሹ ጥቂት የሌሊት ወፎች ተመልሰው ሰፍረውበታል። ከጭፍጨፋው በፊት ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ፤ በዚህ ፍተሻ ግን ከመቶ 13 ሆነው ተገኙ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከበሽታው አካሄድ ይመነጫል። ቫይረሱን የሚሸከመው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ራሱ የታመመ አይመስልም። ተጠጋግቶ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ በቦታ ይጣላል፣ ይናከሳል፤ ቫይረሱም በምራቅ፣ በሽንትና በኩስ ይተላለፋል። አንዴ ተይዞ የዳነው የመከላከል አቅም ያገኛል። በብዛት የሚያዙት ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ያለቀባቸው፣ ስድስት ወር ገደማ የሞላቸው ታዳጊዎች ናቸው። እንግዲህ መንጋውን ስንፈጅ በሽታውን አልፈው የተቋቋሙትን አብረን እንፈጃለን፤ ባዶውን ቦታ በሽታውን የማያውቁ እንግዶች ይሞሉታል፤ ቫይረሱም አዲስ ማገዶ ያገኛል። የሚሸሹትም ቢሆኑ ወዴት እንደሚሄዱ ማን ያውቃል? ምናልባት ወደ ቤታችን ጣራ ይሆናል።

ጋዜጣችሁ ይህንን ደጋግሞ እንዲጽፍ እለምናለሁ። የጤና ባለሙያዎችም ለወርቅ ቆፋሪዎች፣ ለእረኞችና ለተማሪዎች በየቋንቋቸው ይንገሩ፦ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ አይገባም፤ መግባት ግድ ከሆነ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ የሌሊት ወፍ የነከሰው ፍሬ አይበላም። ዋሻ አፍ ላይ ማስጠንቀቂያ ለመትከል ሁለት እንጨትና አንድ ሰሌዳ ይበቃል፤ እኔና ተማሪዎቼ በከተማችን ዳርቻ ላለው ዋሻ አዘጋጅተን የቀበሌውን ፈቃድ እየጠበቅን ነው።

አንድ የሥነ ሕይወት መምህር