ስለ ባስ ሪቭስ ለጠየቅኸኝ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? ከተጠፋፋን ዘመን ሆነን። በመጨረሻው ደብዳቤህ «አንድ ገበሬ እንዴት ያን የሚያህል ሕግ አስከባሪ ሆነ?» ብለህ ስለ አሜሪካዊው ባስ ሪቭስ ጠይቀኸኝ ነበርና እነሆ መልሱ።

እ.ኤ.አ. በ1838 አርካንሶ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከጌታው አምልጦ የዛሬዋ ኦክላሆማ ወደሆነው የቀይ ሕንዶች (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች) ግዛት ገባ፤ ከቼሮኪ፣ ከክሪክና ከሴሚኖሌ ሕዝቦች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ለመደ። ነፃ ሲወጣ አርካንሶ ውስጥ ቫን ቡረን ከተማ አጠገብ መሬት ይዞ ማረስና ከብት ማርባት ጀመረ። በ1875 ዳኛ አይዛክ ፓርከር የፎርት ስሚዝን የፌዴራል ችሎት ሲረከቡ፣ ወደ 74,000 ካሬ ማይል የሚሰፋውን ግዛት እየዞሩ ተፈላጊ የሚይዙ ምክትል ማርሻሎች (የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች) ያስፈልጉ ነበር። አገሩንና ቋንቋውን ማወቁ አስቀጠረው።

ተቀጠረ ስልህ የወር ደመወዝ ነበረው ማለቴ አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የፍርድ ቤት ማዘዣ ለማድረስ ሲሄድ በማይል 6 ሳንቲም፣ ሲመለስ ለራሱም ለእያንዳንዱ እስረኛም በማይል 10 ሳንቲም፣ ለአንድ እስር 2 ዶላር፣ ለእስረኛ ቀለብ በቀን 75 ሳንቲም። ከዚህ ላይ ዋናው ማርሻል ድርሻውን ይቆርጣል። ፈረሱና ጥይቱ ከራሱ ኪስ ነው። ተፈላጊው ተኩስ ከፍቶ ቢሞትበት ክፍያው ይቀራል፤ ሬሳውን የሚረከብ ዘመድ ከጠፋም ማስቀበሪያው በእሱ ላይ ይወድቃል። በሕይወት ይዞ መምጣት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው አስበው! ለዚህም ነው በአንድ ጉዞ ብዙ ማዘዣ ይዞ የሚወጣውና ሠረገላው እስኪሞላ የማይመለሰው። እንዲህ ወራት ሲከርም እርሻው የሚስቱና የልጆቹ ሸክም ነበር።

አብረውት ሠረገላ ነጂ፣ ወጥ ቤትና ረዳት ይወጣሉ። ማታ ሲሰፍሩ እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በእግር ብረት ይታሰራሉ፤ በብረቱ ቀለበት ውስጥ ረጅም ሰንሰለት ይገባና ጫፉ ከሠረገላው የኋላ አክሰል ጋር ይቆለፋል። አንዱ ለማምለጥ ቢሞክር ሁሉንም መጎተት ይኖርበታል ማለት ነው።

ማንበብ አይችልም ነበር። ማዘዣዎቹን ሰው ያነብለታል፤ እሱ የተፈላጊውን ስም ቅርጽና ክሱን በቃሉ ይይዝና ሰውየው ፊት ሲደርስ ትክክለኛውን ወረቀት መዞ ያወጣል። እኔን ከተኩሱ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

እርሻውን ያሳጣው ግን ሽፍታ አልነበረም። በ1884 ሰፈራቸው ላይ ወጥ ቤቱ ዊልያም ሊች በባስ ጠመንጃ ተመትቶ ሞተ። ባስ በችሎት እንዳስረዳው፣ ዊንቸስተር ጠመንጃው ውስጥ አንድ ጥይት ተቀርቅሮበት ሊያወጣው ሲታገል ነው የባረቀው። የጎረሰ ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ ሰው ዞሮ ሲነካካ የሚመጣው ጣጣ ይሄው ነው። በ1886 ተይዞ ወራት ታሰረ፤ በ1887 ነፃ ተባለ። ለጠበቃ ሲል ግን ንብረቱን ሸጦ ነበር፤ በላቡ ያቀናው ቤት በአንድ ክስ ተበተነ።

እሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1902 ልጁ ቤኒ ሚስቱን ገድሎ ሲፈለግ ማዘዣውን ራሱ ጠይቆ ወስዶ ይዞት ገባ። ኦክላሆማ በ1907 ስቴት ስትሆን የፌዴራል ሥራው አበቃ፤ በ70 ዓመቱ ገደማ መስኮጊ ከተማ ተራ ፖሊስ ሆኖ በእግሩ ሮንድ ዞረ። ጥር 1910 እዚያው አረፈ።

በል፣ አንተም ጻፍልኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ