የጥፍር ቀለሙ ተገኘ

ሐረር፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዓይንዎ ፋሻ እስኪነሳ ድረስ ደብዳቤ የምታነብልዎ እማዬ መሆኗን አውቃለሁ። እንግዲህ እማዬ፣ መነጽርሽን አድርጊና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። በስልክ ያልነገርኳቸው መሐል ላይ ገብተው ስለሚቆጡ ነው።

አባባ፣ ፔጆዋ ፍሪሲዮን ጨርሳ ነበር (እማዬ፣ ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ነው)። አሁን ተሠርታ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ስለዚህ ከመቀመጫዎ አይነሱ።

ከድሬዳዋ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ነው። ደንገጎ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን ጉንዳን ይቀድማታል። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል። ወዲያው የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁና እንዳስተማሩኝ ሞከርኳት፤ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ደህና ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መጥፋት ነበረበት። እሱ እቴ! እንደ ወፍጮ መዞሩን ቀጠለ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር በገመድ ጎትቶ እስከ ሐረር አደረሰኝ። በመንገዴ የሐረማያን ሐይቅ አየሁት፤ ያ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ያየነው ሜዳ ውሃ ይዟል። ፋሻዎ ሲነሳ መጀመሪያ የማሳይዎ እሱን ነው።

ጋራዥ ስንገባ ክርክር ተነሳ። መካኒኩ ሞተሩን እናውርድ አለ። እኔ የኋላውን አክሰል እንጎትት አልኩ። ፔጆ 404 እንደ ሌላ መኪና አይደለችምና፤ ትራስሚሲዮኗ፣ ያ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ቱቦ ውስጥ ተከትቶ ቱቦው ከካምቢዮው ጀርባ ጋር ታስሯል፣ አክሰሉ ወደ ኋላ ካልሄደ ካምቢዮው አይላቀቅም። ሞተሩ ደግሞ 45 ዲግሪ ወደ ጎን የተጋደመ ስለሆነ ማውረዱም ሆነ መልሶ መግጠሙ የራሱ ጣጣ አለው። ክርክሩን አሸነፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ ስወጣ ግን መካኒኩ ወገቤን አይቶ ሳቀብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ካምቢዮው ወርዶ ረዳቱ ልጅ በናፍጣ ማጠብ ጀመረ። ጭቃውና ግራሶው ሲለቅ ከጎኑ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ልጁ ዝገት መስሎት ብሩሹን ጫን ሲያደርግ ይብስ ፈካ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ «ሰኔ 94» ይላል። የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ያ አራቱ እንደ ወንበር የተገለበጠው። ለሐምሌው ቁልቢ እንድትደርስ ብለው ፍሪሲዮኗን ግቢ ውስጥ ራስዎ የቀየሩ ጊዜ መሆኑ ነው። ናፍጣ ያላስለቀቀው ቀለም ምን እንደሆነ በጥፍሬ ስፍቀው ገባኝ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ቆም በዪ። ለአክስቴ ሠርግ የገዛሽው፣ ከመስታወቱ ሥር የጠፋው ቀይ የጥፍር ቀለም ትዝ ይልሻል? ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጭኔን ቆንጥጠሽ «የት አደረግሽው?» ያልሽኝ፣ ሠርጉ ላይም ያኮረፍሽኝ? አባባ ያን ዕለት በሩ ላይ ቆመው ምን እንዳሉ እኔ አልረሳሁም። «ልጅ ናት፣ ተያት» ነበር ያሉት። እኔም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያች ቃል ሳመሰግናቸው ኖርኩ!

አባባ፣ ካሣውን ከእማዬ ጋር ተነጋገሩበት።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የተላከልኝ የፍሪሲዮን ዲስክ የመሐሉ ጥርስ አልገጠመም፤ ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ አዲስ ሸራ አስመታሁለት። ቮላኖውን፣ ዲስኩ የሚያርፍበትን የሞተሩን ክብ ብረት፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስላጨሁ፣ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታም ቀየርኩ። የአሮጌውን ሸራ ብናኝ ልጁ በኮምፕሬሰር ሊነፋው ሲል ከለከልኩት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ አርሰን ጠረግነው። ዲስኩን መሐል ለመሐል የምናስተካክልበት ስናጣ መሣሪያ ሣጥንዎን ገለበጥኩና ያን በቢላ የተቀረጸ፣ ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ የመጥረጊያ እንጨት አገኘሁ። ስንት ጊዜ ልጥለው ነበር! አስገባሁት፤ ልክክ። ካምቢዮው በመጀመሪያው ግፊት ገባ። መካኒኩ እንጨቱን ካልሸጥሽልኝ እያለ ነው።

ዘይት ሲሞላ ደግሞ ወፍራሙን ሊያፈስበት ጀሪካኑን አነሳ። «የዚህች ካምቢዮ የሚጠጣው የሞተር ዘይት ነው!» ብዬ ስጮህ ጋራዡ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሰዎቹ እርስዎ የመጡ መስሏቸው ይሆናል። ዋጋውን አልጽፍም። ሸራው እስኪለምድ ጭነት አልጭንባትም፣ ፔዳሉም ሁለት ጣት ያህል ልቅ አለው፤ ለክቼዋለሁ። ሸራው ዕድሜውን ጨርሶ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ማገልገሉም ይደነቃል።

በቶሎ ይማርልኝ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ

ለእማዬ ብቻ፦ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅ ሳታሰሚ ለራስሽ አንብቢ። «ሰላምታ ለጎረቤቱ ሁሉ ብላለች» በያቸው።

ፍሪሲዮኑን የጨረሰው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ቮላኖው ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር፤ ኩሽኔታውም ተበልቷል። መካኒኩ ገና ሲያየው «እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ የማያነሳ ሰው ነው የነዳት» አለ። እኛ እግራችንን እዚያ ስንረሳ በክርናቸው ይጎስሙን የነበሩት አባባ እኮ ናቸው። ፔዳሉን ወርጄ አየሁት፤ ጎማው በግራ ጠርዙ በኩል ብቻ ብረቱ እስኪታይ ተልጧል። ግራ ጉልበታቸው ነው እማዬ። ማንሳቱ ሲከብዳቸው እዚያው ያሳርፉት ነበር፤ ለማናችንም አልተነፈሱም።

ለመካኒኩ የነዳኋት እኔ ነኝ አልኩት።

ለዓይናቸው ቀጠሮ ስትሄዱ ጉልበታቸውንም የአጥንት ሐኪም ይይላቸው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ። ደረጃ ሲወጡ አይተሽ ያወቅሽ አስመስለሽ ጀምሪው።