ቅዳሜ ለስብሰባው በምን እንምጣ?

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ስብሰባ በር ላይ ሰባት መኪና ደርድረን የጎረቤት መውጫ ዘጋን። አንዷ የእኔ ነበረች፤ አልክድም። ግን እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ለመድረስ መኪና ማስነሳት ምን ይሉታል?

ሐዋሳ እኮ ሜዳ ናት። የታቦርን ተራራ ካልወጣን በቀር ሳይክል ነጂን የሚያስለቅስ ዳገት የለም። ሳይክል ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም፣ ማቆሚያም አይቸግረውም። የቀትር ፀሐይ ግን ቀልድ አይደለም፤ ኮፍያና ውሃ ያዙ። የሳይክል መቆለፊያም አትርሱ። የእኔዋ ሳይክል አምና ዳቦ ገዝቼ እስክወጣ ተሰውራለች!

ሳይክል የሌላችሁ፣ በተለይ አቶቴና መናኸሪያ አካባቢ ያላችሁ፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ባጃጅ ኮንትራት ያዙ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ከወረዱ በኋላ መጨቃጨቅ ቀኑን ያበላሻል። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ባጃጅ ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ውጡ።

መኪናውን ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች እንተውላቸው። ባለመኪኖች በየመንገዳችሁ አንሷቸው፤ ባዶ ወንበር ይዞ መምጣት ነውር ነው።

በሳይክል የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ። ግቢው ውስጥ ቦታ አስለቅቃለሁ።