መድኃኒታችሁ «የለም» ሲባል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ባንኮኒያችን ላይ የማይጠፋ ጥያቄ ቢኖር «ታዲያ የት አገኘዋለሁ?» የሚለው ነው። የግፊት፣ የስኳር ወይም የእንቅርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ስታዲየም፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ሲንከራተት ይውላል። የትራንስፖርቱ ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እዚሁ ሰፈር ማለቅ የሚችል ነገር ስላለ ነው ይህን የጻፍንላችሁ።

ብዙ ጊዜ የጠፋው መድኃኒቱ ሳይሆን የለመዳችሁት ካርቶን ነው። እስቲ ካርቶኑን አገላብጣችሁ እዩት። በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው። ከሥሩ በደቃቁ ያለው ደግሞ የመድኃኒቱ የራሱ ስም። የስኳር መድኃኒቱ «ግሉኮፋጅ» ከሥሩ «ሜትፎርሚን» ይላል። ግሉኮፋጅ ጠፋ ማለት ሜትፎርሚን ጠፋ ማለት አይደለም። ሌላ ፋብሪካ በሌላ ስም ሠርቶት እኛው መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስትደውሉም ሆነ ልጅ ስትልኩ ደቃቁን ስምና ሚሊግራሙን ንገሩን። «ነጯን፣ ክቧን ኪኒን» ብለው የሚልኩ እናቶች አሉን። እንወዳቸዋለን፤ ግን የመደርደሪያችን ግማሹ ነጭና ክብ ነው።

የስትሪፑንም (ኪኒኖቹ ተደርድረው የታሸጉበትን) ነገር አደራ። የመጨረሻዋን ፍሬ ብቻ በመቀስ ቆርጣችሁ ስታመጡ ስሙ ሌላኛው ቁራጭ ላይ ይቀራል። የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚታተመው ጫፉ ላይ ነው። ከሌላኛው ጫፍ ጀምራችሁ ዋጡ፤ ባዶውንም ቶሎ አትጣሉት።

በሌላ ፋብሪካ ምርት እንዲሁ የማይቀየሩ መድኃኒቶች ግን አሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን፣ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ የእንቅርቱ ሌቮታይሮክሲን መጠናቸው በጥቂቱ ሲዛነፍ እንኳ ሰውነት ያውቀዋል። መቀየሩ ግድ ከሆነ ሐኪማችሁ ይወቅ፤ የደም ምርመራ ሊያዝም ይችላል። እነዚህን «ያው ነው» ብለን አንሰጥም። በዚህ ቅር የሚሰኝብን አለ፤ ይሁን።

ከሁሉ የሚያሳስበን «እስኪገኝ ልተወው» የሚለው ነው። ወይም እንዲበረክት ብሎ ቀን እየዘለሉ መዋጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊነሳ ይችላል። የግፊትና የልብ መድኃኒቶቹ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በአንዴ ሲቆሙ ልብን ያስቸግራሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም (የብግነት መድኃኒት ነው) ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። የኢንሱሊን ነገርማ ለነገ አይባልም፤ ያለቀበት ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ለኛ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

ኪኒን መክፈልን በተመለከተ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ባለ 5 ሚሊግራሙ ጠፍቶ ባለ 10ሩ ካለ፣ ጠይቃችሁን ለሁለት መክፈል ይቻላል። «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር» ወይም «ሪታርድ» የሚል የተጻፈበት ግን አይከፈልም፣ አይጨፈለቅም። የተሠራው ቀስ እያለ እንዲለቅ ነው፤ ከሰበራችሁት የብዙ ሰዓቱን መጠን በአንዴ ይለቀዋል።

ለምን ይጠፋል ለምትሉን፦ እኛ ከውጭ አናስመጣም። ፈቃድ ካለው አከፋፋይ በደረሰኝ እንገዛለን። ከአከፋፋዩ በላይ አስመጪ አለ፤ እሱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት፣ ባንክ ሄዶ ኤልሲ (ለውጭው ሻጭ የሚሰጥ የባንክ የክፍያ ዋስትና) መክፈት፣ ዕቃውን ከወደብ ማንሳት አለበት። አንዱ ጋ ሲዘገይ መደርደሪያችን ይራቆታል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ አዲስ ጭነት ሲገባ ዋጋውም አዲስ ሆኖ ይመጣል። «የቂሊንጦ መድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ?» እያላችሁ ትቀልዱብናላችሁ። እዚህ ለሚመረተው መድኃኒትም ቢሆን ዋናው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚገባው ከውጭ ነው።

አሁን እኛ የምናደርገው። የማዘዣችሁን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን። ለአከፋፋዮችና ለምናውቃቸው ፋርማሲዎች ደውለን የት እንዳለ እንነግራችኋለን፤ ለዚህ አናስከፍልም። ፎቶው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ስትወስዱ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። በተለይ እንደ ማረጋጊያው ዲያዜፓም ያለው ያለ ልዩ ማዘዣ አይሰጥም። እኛ ጋ ከሌለ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን እንድትጠይቁ እንመክራለን። የጤና መድኅን አባል የሆናችሁ በኪሳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያችሁ ወዴት እንደሚልካችሁ ጠይቁ። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ስለሚሰጥ በየፋርማሲው አትድከሙ።

«ከዱባይ በሻንጣ የመጣ» እየተባለ ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን በተመለከተ አቋማችን አይለወጥም፦ አትግዙ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ ማን ያውቃል? ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ሁልጊዜ በዓይን አይለይም። ቀኑ የተፋቀ ወይም የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 መደወል ትችላላችሁ።

በሉ እንግዲህ፣ በየቀኑ የምትወስዱት መድኃኒት 10 ቀን ያህል ሲቀረው ብቅ በሉ ወይም ፎቶውን ላኩ። ቅዳሜ ማታና እሑድ የላካችሁትን ግን አከፋፋዮች ሲከፍቱ፣ ሰኞ ነው የምንመልሰው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋርማሲያችሁ ባልደረቦች፣ ቱሉ ዲምቱ