ሚስቴክ የሚባለው ሰውዬ ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም እንዴት ናችሁ? ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ቃል ነው። ሚስቴክ። ሰሞኑን እናቴን ወንድ አድርጎብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልደት ማስረጃ ላወጣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ወረቀቱ ወጣ። ሳየው የእናት ስም በሚለው ቦታ «አበበ» ይላል። እናቴ አበበች ናት። «ች» የለችም። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ መለስኩላት። ወረቀቱን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ከዚያ «ውይ፣ ሚስቴክ ተፈጥሯል» አለችኝ። «ማን ነው የፈጠረው?» አልኳት፣ እየሳቅኩ። «ሲስተም ላይ ነው ሚስቴኩ» አለች። በቃ። ማመልከቻ ጻፍ፣ ምስክር አምጣ፣ ሐሙስ ተመለስ። ሚስቴኩን የሠራው ሲስተም፣ ምስክር ለማኙ ግን እኔ። ልጅቷን ልወቅስ አይደለም፣ ጨዋ ናት፣ የጻፈውም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን «ተሳስተናል፣ ይቅርታ» ብትለኝ ግማሹ ንዴቴ እዚያው ይበርድ ነበር።

ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ ከሚሉት አይደለሁም። መኪናን ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናል፣ ማንም አልተጎዳም። ኳስ ሜዳ ላይ «ፋውል ነው!» ብዬ ስጮህ አድጌአለሁ። ቃል የሚመጣው ዕቃው አብሮት ሲመጣ ነው። ስህተት ግን ከውጭ የገባ ዕቃ አይደለም። እኛም ዘንድ ሞልቷል።

ለረጅም ጊዜ እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፣ እና ይህ ቃል የቆየ ወዳጄ ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ሲበላሽባቸው መጥተው «ቲቸር፣ አይ አም ሚስቴክ» ይሉኝ ነበር። እኔ ራሴ ስህተት ነኝ እንደማለት። ልጁ ሊል የፈለገው «ተሳስቻለሁ» ነው። አማርኛው ይህን በአንድ ግስ ይጨርሰዋል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ስሙን ይዞ «ሜክ» የሚባል ረዳት ይፈልጋል። ልጁ ያንን ረዳት ስላጣ ራሱን ስህተት አድርጎ አረፈው። ስንት ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቻለሁ መሰላችሁ።

አሁን ተገለበጠ። አማርኛችን የራሱን ግስ ጥሎ የእንግሊዝኛውን ስም አነሳ። ስም ደግሞ ብቻውን አይራመድም፣ ምርኩዝ ይፈልጋል። አንዱ «ሚስቴክ ሠራሁ» ይላል፣ ሌላው «ሚስቴክ አደረግኩ»፣ መሥሪያ ቤት ሲገባ «ሚስቴክ ተፈጥሯል» ይሆናል። «ተሳሳትኩ» ስትል መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኩ» አንተ ነህ፣ ከቃሉ መውጫ የለህም። «ሚስቴክ ተፈጥሯል» ውስጥ ግን ማንም የለም። እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ነገር ይመስላል።

እዚህ ላይ አንዱ አንባቢ «ሰው እኮ አንዳንዴ ነገሩን ለስለስ ማድረግ ይፈልጋል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ግን አማርኛ ለዚህ መች አጣ? ብርጭቆ ከእጅህ ሲወድቅ «ሰበርኩት» ማለት ከከበደህ «ተሰበረብኝ» ትላለህ። «ጠፋብኝ»፣ «ፈሰሰብኝ»፣ «ተበላሸብኝ»። ጥፋቱን ወደ ዕቃው ገፋ አድርገህ «ብኝ»ን ግን ለራስህ ታስቀራለህ። አለሁበት፣ ግን አስቤ አይደለም ማለት ነው። ይህቺን «ብኝ» ለተማሪዎቼ ወደ እንግሊዝኛ ላሻግር ብዬ ስንት ጊዜ ላብ አጥምቆኛል። ምላስ ሲያዳልጥ ደግሞ የአፍ ወለምታ አለ፣ እሱም በቅቤ አይታሽም። ይህን ሁሉ ትቶ ሚስቴክ ማለት ጤፍ እያለ ሩዝ መለመን አይመስላችሁም? (ሩዝ እወዳለሁ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሌላው ችግር፣ ሚስቴክ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ይከታል። በእኛ ስህተት ሌላ፣ ጥፋት ሌላ ነው። የሳተ ሰው መንገድ የሳተ ነው፣ ይመለሳል። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይክሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሁለቱን ለይቷቸዋል፣ መሠረታዊ በሆነ ነገር ላይ ተሳስቶ የተዋዋለ ሰው ውሉ ይፍረስልኝ ሊል ይችላል፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ግን ካሳ ይከፍላል። አሁን ሾፌሩ ሰው ገጭቶ «ሚስቴክ ነው» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው?

የእናቴ «ች» መውደቅ ደግሞ የራሱ ስም አለው። ግድፈት ይባላል። ጾም የገደፈና ፊደል የገደፈ በአንድ ግስ ይጠራሉ። ጽሑፍ ማረምና ማሳ ማረምም እንዲሁ አንድ ቃል ናቸው፣ ገበሬው አረሙን፣ አራሚው ግድፈቱን ይነቅላል። እንግሊዝኛውን ላሳንስ አይደለም፣ ኤረር የሚሉትም ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ መባዘን፣ መንገድ መሳት ነው። ከእኛ «ሳተ» ጋር ጎረቤት ናቸው። ግን እኛ ቃሉን ስንዋስ ሥሩን አልተዋስንም፣ ድምፁን ብቻ ነው ያመጣነው።

ቤቴም ገብቷል። ትንሿ ልጄ በቀደም የቡና ሲኒ ሰበረች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «አባዬ፣ ሚስቴክ ነው!» አለች። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል። ቀና ብላ «ማን ነው እሱ? መቼ ገባ?» አለች። እኔ ሳቅኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም፣ ትንሽ አሰበችና «እኔ ነኝ እማማ፣ ከእጄ ወድቆብኝ ነው» አለች። እናቴም «እንግዲያ እንዲህ በዪ፣ ነይ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሲኒው ተረሳ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ምክንያቱም እናንተም ከደሙ ንጹህ አይደላችሁም። እንግዳ ስታነጋግሩ ሰውየው «ሚስቴኮች ነበሩብን» ካለ እንዳለ ታትሙታላችሁ። ይሁን፣ የእሱ አፍ ነው። የራሳችሁን እርማት ስትጽፉ ግን «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ስሙ ተዛብቶ ወጥቷል» ትላላችሁ። ቴክኒክ ማለት ማን ነው? ያው የሚስቴክ ታላቅ ወንድም ነው። «የእገሌን ስም አሳስተን ጽፈናል፣ ይቅርታ» ብትሉ ቦታም ይተርፋችኋል፣ ቆጥሬዋለሁ፣ በቃላት ያንሳል።

ይህ ደብዳቤ ውስጥም የፊደል ግድፈት አይጠፋም። ካገኛችሁ አርሙልኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ሐሙስ ወደ መስኮቱ እመለሳለሁ። ምስክሮቹን አግኝቻለሁ፣ እናቴ ሴት መሆኗን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። እሷም ልምጣ ብላለች። ያንን ሚስቴክ የሚባለውን ሰውዬ ማየት ፈልጋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ