ቴርሞሜትር ብቻውን ፍል ውሃውን አያገኝም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ጥልቅ ባሕር ፍል ውሃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበናል። ከአፋር ጋር ለምንጎራበት ለወሎ ሰዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ምንጮቹ የሚገኙበትን መንገድ ሲያስረዳ «ሙቀት መለኪያ አውርዶ የሞቀውን ቦታ መፈለግ ነው» የሚለው መታረም አለበት፤ ተማሪዎቻችን እንዲህ ብለው ይዘውታልና።

ከባሕሩ ወለል 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ የሚወጣው ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ውሃ እየሳበ 10,000 ጊዜ ያህል ይበረዛል። ከ100 እስከ 300 ሜትር ከወጣ በኋላ እፍጋቱ (እኩል ይዘት ያለው ውሃ የሚመዝነው) ከአካባቢው ውሃ ጋር ይስተካከልና እንደ ደመና ወደ ጎን ይሰራጫል፤ ንፋስ በሌለበት ማለዳ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከከተማው በላይ እንደሚነጠፈው ማለት ነው። እዚያ የሚቀረው የሙቀት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ዲግሪ በታች ነው። የውሃው ግፊት ራሱ በየ1,000 ሜትሩ 0.1 ዲግሪ ገደማ ስለሚያሞቅ፣ ይህ ካልተቀነሰ የሚፈለገው ምልክት ይዋጣል።

ቀጥሎ ሙቀቱ መነጻጸር ያለበት እኩል ጥልቀት ላይ ሳይሆን እኩል እፍጋት ላይ ነው። በፓሲፊክ ምልክቱ ሞቅ ብሎ ይታያል። በአትላንቲክ ግን ጥልቁ ውሃ ጨዋማነቱ ያነሰ ስለሆነ (ጨው ያነሰው ውሃ እኩል እፍጋት የሚኖረው ቀዝቀዝ ሲል ነው)፣ ከታች ተስቦ የወጣው ውሃ በዚያው እፍጋት ላይ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል። ሙቀት ብቻ የሚያሳድድ ቡድን አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል።

ዋናው ነገር ደመናውን የሚወስደው የባሕሩ ውሃ ፍሰት ነው። በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ዝግተኛ ይመስላል፤ በቀን ግን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል፤ ጠዋት ከምንጩ በስተ ሰሜን የተገኘው ደመና ከሰዓት በስተ ደቡብ ይሆናል። ስለዚህ ወለሉ አጠገብ በመልህቅ የታሰረ የፍሰት መለኪያ ቢያንስ 25 ሰዓት መመዝገብ አለበት፤ ደመናው የተነሣበት ቦታ የሚሰላው ከዚያ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ጥልቀትን የሚለካው ሲቲዲ መርከቧ በ1 ወይም በ2 ኖት (በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ) እየሄደች በዊንች፣ ማለትም ገመድ በሚጠቀልል ማሽን፣ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። መሣሪያው ከመርከቧ በብዙ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፣ የመርከቧን ጂፒኤስ እንደ መሣሪያው ቦታ መመዝገብ ከባድ ስሕተት ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ትክክለኛ ቦታ ለማወቅ ገመዱ ላይ የድምፅ ምልክት ሰጪ ይታሰራል። የውሃው ድፍርስነት ሩቅ ስለሚጓዝ አቅጣጫ ብቻ ይጠቁማል፤ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ የሚዋሃዱ ኬሚካሎችን የሚጠቁመው የሬዶክስ መለኪያ ንባብ በድንገት ከወረደ ግን ምንጩ ቅርብ ነው፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ብዙ አይቆይምና። ከዚያ በኋላ ካሜራ ይወርዳል።

ጽሑፋችሁ የጠቀሰው ዘዴ በደንብ የሚሠራበት ቦታ ግን አለ፦ በቀይ ባሕር 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው አትላንቲስ 2 የተባለው ጉድጓድ። እዚያ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚሞቀው ውሃ ጨዋማነቱ እጅግ ስለሚያከብደው አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ይህ ልዩነት በቀጣዩ እትም እንዲገለጽ እንጠይቃለን።

የፊዚክስ መምህራን፣ ከኮምቦልቻ